ክንፍ ታቅፌ ወደ ላንጋኖ

«ይሄ ግን ለምን ይጠቅማል?»

የጠየቀኝ አባቴ ነው። ሞጆ፣ ደረቅ ወደቡ ፊት ለፊት፣ በከባድ መኪና ሰልፍ መሀል አይሱዙው ውስጥ ተቀምጠናል። ጭኑ ላይ አንድ ጥቁር ክንፍ አስቀምጦ ያገላብጠዋል። ገበያ ላይ በግ ሲመርጥ እንደሚያደርገው ጀርባውን ጫን፣ ጎኑን ዳሰስ። ክንፉን ከአንድ ትራንዚተር ቢሮ ተቀብዬ መውጣቴ ነበር።

መጀመሪያ ስፖርት ነው አልኩት። «እሺ» አለ። ከዚያ ለቱሪዝም እንደሚጠቅም ነገርኩት። «እሺ» አለ። ሲጨንቀኝ ፊዚክስ ውስጥ ገባሁ፣ የግፊት ልዩነት ምናምን። አሁንም «እሺ»። አባቴ እሺ ሲያበዛ አላመነም ማለት ነው። ክንፉን መለሰልኝና ማርሽ አስገባ።

ሲፈን እባላለሁ። የአዳማ ልጅ ነኝ፣ ባለፈው ክረምት በሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተመርቄ ቤት ቁጭ ያልኩ። ከተመረቅኩ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይሄንኑ ነው። ፊልም ሳይ ለምን ይጠቅምሻል፣ ፀጉሬን ስቆረጥ ለምን ይጠቅምሻል። ኢንተርቪው የገባሁባቸው ቢሮዎችም በሌላ አነጋገር የጠየቁኝ እሱኑ ነው። ስለዚህ የአክስቴ ልጅ ቦንሳ ከላንጋኖ ደውሎ «ነይ» ሲለኝ፣ ለምን ብዬ እንኳን አልጠየቅኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦንሳ ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሎጅ ጀልባ ነጂ ነው። አንድ የውጭ አገር እንግዳ አገሩ ሲመለስ መጫወቻውን ለሎጁ ትቶ ሄደ። ቦርድ አለ፣ ቦርዱ ላይ የሚተከል ሸራ አለ፣ ከቦርዱ ሥር ደግሞ ወደ ውሃው የሚወርድ የብረት እግር፣ እግሩ ጫፍ ላይ ትንሽ አውሮፕላን የሚመስል ክንፍ። ነፋስ ሸራውን ሲገፋው ክንፉ ውሃው ውስጥ ሽቅብ ይነሳል፣ ቦርዱ ከነሰውዬው ከውሃ በላይ ይወጣል። ሃይድሮፎይል ነው የሚባለው። ቦንሳ «ፎይል» ይለዋል፣ ቪዲዮ እያየ ለራሱ ለምዶታል። የሎጁ ባለቤት ጋሽ ተካልኝ ግን ዕቃ ቤት ከማጣበብ በቀር ሥራው አልታያቸውም፣ ሐዋሳ ገዢ አግኝተዋል። ቦንሳ እንግዶች አስተምርበታለሁ ብሎ ለመናቸው። እሳቸውም እሁድ እመጣለሁ፣ ምንም የማያውቅ ሰው አስተምረህ ከውሃ በላይ ሲሄድ ካሳየኸኝ ይቀመጣል፣ ካልሆነ ይጫናል አሉ።

ቦንሳ እንግዲህ ምንም የማያውቅ ሰው ፈለገ። «ከዘመድ ሁሉ ሥራ የሌለሽ አንቺ ነሽ» አለኝ። እውነት ስለሆነ አልተቀየምኩትም። ለጀማሪ የሚሆነውን ትልቁን ክንፍ ያው እንግዳ ቆይቶ ልኮለት ሞጆ ደርሶ ነበር፣ እሱን ተቀብሎ ማምጣት የእኔ ድርሻ ሆነ።

ረቡዕ ተነሳን። አባቴ ዓለም ጤና ሽንኩርት ስለሚጭን እስከዚያ ወሰደኝ። ዓለም ጤና ስንደርስ ሠራተኞቹ ሽንኩርቱን በጆንያ እየሞሉ ነበር። አባቴ ወርዶ አንድ ማዳበሪያ ግማሽ ድረስ አስሞላና እግሬ ሥር አስቀመጠው። ሰው ቤት ባዶ እጅ አይገባም። ስለ ክንፉ አንድም ቃል አልጨመረም። በአንድ እጄ ክንፍ፣ በሌላው ሽንኩርት ይዤ አስፋልት ዳር ቀረሁ።

የቆመልኝ ዶልፊን ሚኒባስ ነው። ረዳቱ ሽንኩርቱንም ክንፉንም ፖርቶመጋላ ላይ ሊወረውር ሲል ክንፉን ነጠቅኩት። የእናቴ የድሮ ብርድ ልብስ ጠቅልዬበት ስለነበር አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ሕፃን መስሏቸው ቦታ ለቀቁልኝ። ሙቀቱ ሲጠናብኝ ብርድ ልብሱን ገለጥኩት። እሳቸው አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ቦታቸውን መልሰው ያዙ።

ባቱ ልንገባ ስንል ፍተሻ አለ። እኛ አዳማ ፍተሻ ስንል ቦርሳ ከፍቶ መዝጋት ነው። እዚህ ግን ፈታሹ ብርድ ልብሱን ሲገልጥ ቀጥ አለ። ጥቁር ክንፍ፣ ጅራት፣ መሀሉን የሚያገናኝ ቀጭን ብረት፣ ከነብሎኑ። ውረጂ አለኝ። ድሮን ነው ወይ ሲለኝ አይደለም አልኩ። ታዲያ አይበርም ወይ አለኝ። እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ፣ ግን እኔ ዝም ማለት አይሆንልኝም። «ይበራል» አልኩት፣ «ውሃ ውስጥ ነው እንጂ።»

መንገደኛው በሙሉ ወረደ። አንዱ የሰርጓጅ መርከብ ነው አለ። ፈታሹ ገጣጥሚው አለኝ፣ አስፋልት ዳር ተንበርክኬ ገጠምኩት። ሲገጠም ይብስ አውሮፕላን መሰለ። በመጨረሻ ለቦንሳ በቪዲዮ ደወልኩ። ቦንሳ ቦርዱን ደረቅ መሬት ላይ አስቀምጦ፣ ላዩ ላይ ወጥቶ፣ ሸራ እንደያዘ ሰው ወገቡን እየሰበረ በኦሮምኛም በአማርኛም አስረዳ። ፈታሹ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ክንፉን ትከሻው ላይ አድርጎ ፎቶ እንዳነሳው ጠየቀኝ። እናትየው ቦታቸውን እንደገና ለቀቁልኝ።

ባቱ ላይ መኪናው ለምሳ ቆመና ዓሣ በላሁ። አዳማ የምንበላው ዓሣ መንገድ ደክሞት ነው የሚደርሰው። ይሄ ግን ጥርት ያለ፣ በቃሪያና በሎሚ፣ እሾሁን ስለቅም ዶልፊኑ ጡሩምባ ነፍቶ ነፍቶ ጥሎኝ ሊሄድ ነበር። ከአዳሚ ቱሉ በኋላ አቧራው ቀይ ሆነ፣ ግራሩ በዛ፣ ቡልቡላን አለፍንና ላንጋኖ መገንጠያ ላይ ወረድኩ።

ያረፍኩት ከሎጁ አጥር ጀርባ፣ ቦንሳ የተከራየበት ግቢ፣ አዴ ሐዋ ዘንድ ነው። አዴ ሐዋ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው የተዳሩ፣ ቤታቸው ሰው ካላደረበት እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሴት ናቸው። ሽንኩርቱን ሲያዩ አባቴን ሳያውቁት መረቁት። ክንፉን ሲያዩ ደግሞ ዶሮ እንዳይወጣበት ብለው አልጋዬ ሥር ከተቱት። ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። አዳማ አንሶላ የምገፋ ልጅ እዚህ ብርድ ልብስ ደረብኩ።

ሐሙስ ጠዋት ሐይቁን አየሁት። ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል፣ ጸጥ ያለ። ነፋሱስ አልኩ። ቦንሳ ከምሳ በፊት አይነሳም አለኝ። እኛ ጋ ነፋስ ሰዓት የለውም። ተራራው ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ቀኑን ሙሉ ይሽከረከራሉ፣ ታች ያለነው የሚደርሰን አቧራው ነው።

እስከዚያው ዕቃ መረጥን። ቦርድ ሁለት አለ፣ አንዱ ሰፊና ወፍራም፣ አንዱ ሹል። ሰፊውን ያዝን፣ ቢቆሙበት የማይገለበጠውን። ሸራም ሁለት አለ፣ ትልቅና መካከለኛ፣ መካከለኛውን ያዝን። ክንፍም ሁለት ሆኗል። ከእንግዳው የቀረው ቀጭን፣ እንደ ቢላ የሚያብረቀርቅ፣ እና እኔ ያመጣሁት ትልቁ። ቦንሳ ትልቁን አለ። ትልቁ በቀስታ ስትሄጂም ያነሳሻል፣ ቀጭኑ በኃይል ካልሮጥሽ አይነሳም፣ ሲነሳ ደግሞ ይወረውርሻል። ያን ሁሉ መንገድ ታቅፌ ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ግን ጎን ለጎን ሳያቸው ትልቁ የሽማግሌ ጫማ መሰለኝ። «ቀጭኑን ግጠምልኝ» አልኩት። ተከራከረኝ፣ ተከራከርኩት፣ ገጠመው።

ነፋሱ ሲነሳ አዴ ሐዋ ገንፎ አቅርበው ነበር። መሀሉ ላይ ቅቤ ተንጣልሎ፣ ዙሪያው እርጎ። መስኮቱ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፣ ግራሩ ሲታጠፍ ይታየኛል። ብድግ ስል እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ያደርጋሉ። ቦንሳ ውጭ ቆሞ ሰማይ ሰማይ ያያል፣ ሊገባ አይችልም፣ ከገባ እሱም ይበላል። ስጨርስ ነፋሱ ተጋምሷል፣ እኔ ደግሞ እንደ ድንጋይ ከብጃለሁ።

ዋና የተማርኩት ሶደሬ ነው፣ ውሃ አልፈራም። ግን ሶደሬ ሥርህ የብረት እግር የለም። ላይፍ ጃኬት ለብሼ፣ ሄልሜት አጥልቄ ገባሁና ውሃው ወገቤ ሲደርስ ዘልዬ ቦርዱ ላይ ወጣሁ። ቦንሳ ገና ነው፣ እስከ ደረት ግቢ ብሎ ነበር። ነፋሱ ገፋኝ፣ ክንፉ ጭቃ ውስጥ ተሰካ፣ ቦርዱ ቆመ፣ እኔ አልቆምኩም። ሸራውን ተሻግሬ በፊቴ ወደቅኩ። ከዚያ በኋላ ጥልቁ ጋ ሄጄም ቀጭኑ ክንፍ አልተነሳልኝም። አንዴ ብቻ ነፋስ ሲበረታ ተነሳ፣ በጎኔ አሽቀነጠረኝ። ማታ ቀጭኑን ፈትቼ የሽማግሌውን ጫማ ራሴ ገጠምኩ። ቦንሳ እያፏጨ ነበር።

ዓርብ ቦንሳ ለጁምዓ ሄደ። ሲሄድ በጀልባ ሳልከተልሽ እንዳትገቢ አለኝ። ነፋሱ ደግሞ ልክ እሱ ከግቢ እንደወጣ መጣ፣ የሳምንቱ ትልቁ። እሁድ ደርሶብናል፣ እኔ ዳር ቆሜ ነፋስ ልቁጠር? ትልቁን ሸራ ያዝኩ። ትልቅ ክንፍ ጥሩ ከሆነ ትልቅ ሸራም ጥሩ ነው ብዬ ነው። ገባሁ። ሸራው እጄን ይዞ ሄደ፣ እኔ ተከተልኩት። ስወድቅ ሸራው ውሃ ሞላበትና ቦንሳ ቢኖር እንኳን ለሁለት የሚነሳ አልሆነም። ቦርዱ ላይ በደረቴ ተኝቼ ነፋሱ ወደሚወስደኝ ሄድኩ።

የወሰደኝ ከብቶች ውሃ የሚጠጡበት ዳርቻ ነው። ላሞቹ ገለል አሉልኝ። አንድ አዛውንትና ሚስታቸው ጀልባ ተገልብጦባት ነው ብለው እየተጣደፉ መጡ። ሌላው ሰው የት አለ ይሉኛል፣ ሐይቁን እያዩ። ብቻዬን ነኝ ብል አላመኑም። ሴትየዋ ጋቢ አልብሰው በጮጮ እርጎ አቀረቡልኝ። እኛ ጋ በቃኝ ስትል ሁለት ሦስቴ ይለምኑሃል፣ ከዚያ ይተዉሃል። እዚህ በቃኝ የሚባል ቃል የለም። ጎደል ባለ ቁጥር ይሞላል። አዛውንቱ አህያ ጋሪ አወጡ፣ ቦርዱን ጫኑት፣ ሸራውን ከነምሰሶው አጋደሙት፣ እኔን ከላይ አስቀመጡኝ። አህያዋ በሸራው ምክንያት ነፋስ ይገፋት ነበር፣ ዕድሜዋን እንዲህ ሮጣ አታውቅም መሰለኝ።

ቦንሳ ነጭ ልብሱን እንደለበሰ መንገድ ላይ አገኘን። ፊቱ አመድ መስሏል። ሊቆጣኝ አፉን ከፈተ፣ አህያዋን አየ፣ ሄልሜቴን አየ፣ የከብት መንገዱ ዳር ተቀመጠና እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሲበቃው ተነስቶ «ሁለተኛ እንዲህ ካደረግሽ ወደ አዳማ በዚሁ ጋሪ ነው የምልክሽ» አለኝ። ይሄኛውን የምሩን ነበር። ክንዴ ያን ምሽት ሽንኩርት ማንሳት አልቻለም። ትልቁ ሸራ የእኔ እንዳልሆነ ከዚያ በኋላ ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም። ለኔ ኪሎ መካከለኛው ይበቃል።

ቅዳሜ ነፋስ የለም። ምንም። ቅጠል አይነቃነቅም፣ እንደ አዳማ ቀትር። ቦንሳ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆይቶ ሸራውን ነቀለና ቦርዱን በገመድ ከጀልባው ጋር አሰረ። ገመዱን ይዤ ቆምኩ፣ በቀስታ ጎተተኝ። ትልቁ ክንፍ ከሥሬ ሲነቃ ተሰማኝ፣ የሆነ ትልቅ እንስሳ ጀርባውን ሲያነሳ ዓይነት። ቦርዱ ከውሃው ለቀቀ። እኔም ሳቄ መጣ። ስስቅ ወደ ኋላ እዘነበላለሁ፣ ወደ ኋላ ስዘነበል ክንፉ ሽቅብ ይተኮሳል፣ ከዚያ እወረወራለሁ። እንደገና ተነሳሁ፣ እንደገና ሳቅኩ፣ እንደገና ተወረወርኩ። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው የዋልነው።

ቦንሳ የተማረውን ሁሉ ነገረኝ። ሲነሳ የፊት እግርሽን ጫኚ፣ ዓይንሽን ሩቅ አድርጊ፣ ሳቁን ለዳር አቆዪው። ሞከርኩ። እንዴት ይቆያል? እናንተም ብትነሱ ታዩታላችሁ። በመጨረሻ ጀልባውን አቆመና ተስፋ በቆረጠ ድምፅ «መሳቅሽ ካልቀረ ወደ ፊት ጎንበስ ብለሽ ሳቂ» አለኝ። ጀምበር እየጠለቀች ነበር፣ ነዳጁም አለቀ። አልሞከርኩትም።

እሁድ ጠዋት ሁሉም ቀድሞ መጣ፣ ከነፋሱ በቀር። ጋሽ ተካልኝ መጡ፣ ግዙፍ ሰው፣ ነጭ ሸሚዝ፣ የሚያብረቀርቅ ጫማ። የሐዋሳው ገዢ በፒክአፕ መጣ። አባቴም ከሻሸመኔ ድንች ጭኖ ሲመለስ ሊወስደኝ መጣ፣ አይሱዙውን ግራሩ ሥር አቁሞ እጁን ኋላ አጣምሮ ሐይቁን ያያል። ቦንሳ ነፋሱ ከምሳ በኋላ ይመጣል ሲል ጋሽ ተካልኝ ሰዓታቸውን አዩ። የሐዋሳው ሰውዬ መንገድ አለብኝ አለ። ሁለቱ ሸራዎች ተጠቅልለው ፒክአፑ ላይ ወጡ። ትልቁ ክንፍም ወጣ። ቦንሳን ማየት አልቻልኩም።

አዴ ሐዋ ነጠላቸውን እያስተካከሉ በአጥሩ በኩል የወጡት ያኔ ነው። ነፋስ ምን እንደሆነ፣ ፎይል ምን እንደሆነ አላነሱም። በቀጥታ ወደ ሐዋሳው ሰውዬ ሄዱ።

«ልጅቷ እኔ ቤት ነው ያደረችው። አባቷ መጥቷል፣ አንተም መጥተሃል። ግባ፣ ገንፎ ወጥቷል።»

ሰውዬው አመሰገነ፣ ቸኩያለሁ አለ። አዴ ሐዋ የፒክአፑን በር ዘጉለትና ፊቱ ቆሙ። ሰው እደጃቸው ድረስ መጥቶ ሳይቀምስ ሄዶባቸው አያውቅም፣ ዛሬም አያስጀምሩም። ገባ። ጋሽ ተካልኝም ገቡ፣ አባቴም ገባ። ወጥቷል ያሉት ገንፎ ውሃው ገና አልፈላም ነበር። ከገንፎው በፊት እርጎ መጣ፣ ከእርጎው በፊት ምርቃት። አባቴና የሐዋሳው ሰውዬ ስለ ድንች ማውራት ጀመሩ። እኔና ቦንሳ ደጅ ቆመን ግራር ግራር እናያለን። ገንፎው መሀል ላይ ሲደርሱ አንዲት ቅርንጫፍ ነቀነቀች። ቦንሳ ትልቁን ክንፍና መካከለኛውን ሸራ ከፒክአፑ ላይ አወረደ፣ ማንንም አላስፈቀደም።

ሰፊው ቦርድ፣ ትልቁ ክንፍ፣ መካከለኛው ሸራ። ቦንሳ ነፋሱ ደካማ ነው፣ ትልቁን ሸራ ያዢ አለኝ። እኔ ቀላል ነኝ፣ የማልይዘው ሸራ ምን ያደርግልኛል አልኩት። ለአንዴ አልተከራከረኝም። ውሃው ደረቴ እስኪደርስ ገባሁ። ቦንሳ በጀልባው ከኋላዬ ሆነ። ሰዎቹ እጃቸውን እየታጠቡ ወደ ዳር ወጡ፣ አንገታቸውን አስግገው።

ወጣሁ፣ ሸራውን ሳብኩ፣ ያዘ። ቦርዱ ውሃውን እየመታ ይሄዳል፣ ጠብ ጠብ ጠብ። እግሬ ሥር ያ እንስሳ ነቃ። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። በቃ፣ ጸጥ። ውሃው ከታች ይሄዳል፣ እኔ ከላይ፣ ምንም ነገር ምንም ነገርን አይነካም። ሳቄ መጣ። መጣ፣ አላቆምኩትም። ወደ ፊት ጎንበስ ብዬ፣ አፍንጫዬ ሸራው ሊነካ ሲል፣ የፊት እግሬን ተጭኜ ሳቅኩ። ቦርዱ ተረጋጋ። ከሎጁ እስከ ቋጥኙ ድረስ በሳቅ ሄድኩ። ከጀርባዬ የቦንሳ ጀልባ ሞተር ይሰማኛል፣ እሱም የሚለውን አጥቶ ይጮሃል። ቋጥኙ ጋ ስደርስ መዞር እንዳልተማርኩ ትዝ አለኝና ወደቅኩ።

በጀልባ ስመለስ ጋሽ ተካልኝ አንድ ጫማቸውን አውልቀው ሌላውን እያወለቁ ነበር። ቦንሳን ጠሩትና «ለእኔ ኪሎ የትኛው ሸራ ይሆናል?» አሉት። ቦንሳ ያለምንም ማመንታት ፒክአፑ ላይ የተጫነውን ትልቁን አለ። የሐዋሳው ሰውዬ አፉን በሶፍት እየጠረገ ራሱ አወረደላቸው። አዴ ሐዋ ሰውዬው ደግሞ ይጨመርለት ብለው ሳህን ይዘው ወጡ።

አባቴ ግራሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ጫማው አሸዋ ሞልቶ አላራገፈውም። ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ፣ ውሃ እያንጠባጠብኩ አጠገቡ ቆምኩ። ኮቱን አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣለ። እኔን አያይም፣ ጋሽ ተካልኝ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው ውሃው ውስጥ ሲንሸራተቱ ነው የሚያየው።

«አባዬ፣ ሞጆ ላይ የጠየቅከኝ» አልኩት።

«እ?»

«ለምንም አይጠቅምም። ደስ ይላል።»